የጅብ መጸዳጃው የተጠረገ ዕለት

በባዮሎጂ ትምህርት ክፍል ሥራ የጀመርኩ ቀን ኃላፊያችን አስጠርተውኝ የሁለተኛ ዲግሪ መስፈርቶችን በጣታቸው ቆጠሩልኝ፦ ኮርስ፣ ሴሚናር፣ ፕሮፖዛል፣ የመስክ ሥራ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ዲፌንስ። «ይህን ያሟላ ይመረቃል፤ ሌላ ነገር የለውም» አሉኝ። ወጣት ስለነበርኩ አመንኳቸው።

ካማከርኳቸው ተማሪዎች የማልረሳት ረምላ ናት። በሐረር ዙሪያ ያለችው የድሬ ጠያራ ገበሬዎች ልጅ፣ የሁለተኛ ደረጃ መምህርት። ጥናቷ የሐረር ጅቦች ምን ይበላሉ የሚል ነበር። ጅብ ተጠይቆ ስለማይመልስ የሚጠናው ከሚጥለው ነው። በጽሑፍ «ዓይነ ምድር» እንለዋለን፤ መስክ ላይ የምንጠራበትን ስም አንባቢ ያውቀዋል። ጅብ ደግሞ ቦታ መራጭ ነው፤ ተመላልሶ እዚያው ይጥላል። ረምላ ሐኪም ጋራ በሚባለው ተራራ ላይ፣ ከቤቶች ጀርባ እንዲህ ያለ ቦታ አግኝታ ዙሪያውን በቀይ ድንጋዮች ምልክት አደረገች።

ጽሑፏ አለቀ። የቀራት ዲፌንስ ብቻ ነበር፤ የትምህርት ፈቃዷም ሊያበቃ ተቃርቧል። ከአዲስ አበባ የመጡት የውጭ ፈታኝ ግን «ቦታውን ሳላይ አልፈርምም» አሉ። ይህ ኃላፊያችን ከቆጠሯቸው ውስጥ አልነበረም።

ሦስታችን ወጣን። ቦታው እንደ ሳሎን ተጠርጓል። ቀዮቹ ድንጋዮች ኖራ ተቀብተው ነጭ ሆነዋል።

«ዳታው የታለ?» አሉ ፈታኙ።

አዴ ፋጡማ፣ የሰፈሩ ትልቅ እናት፣ መጥረጊያ እንደያዙ ብቅ አሉ። «እንኳን ደህና መጡ! ትልቅ ሰው ይመጣል ብላ ረምላ ስትነግረን ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ ጠረገ።»

«አዴ፣ ያ እኮ የሁለት ዓመት ልፋቴ ነው!» አለች ረምላ።

«ልጄ፣ እንግዳ በዚያ ላይ ይቁም? ወላሂ ነውር ነው!»

ተናደድኩ፤ በማን እንደምናደድ ግን አላወቅኩም። የተከበርነው እኛ ነን። ፈታኙ ዲፌንሱ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፍ አሉ። እንደምንም ለምኜ እስከ ነገ ጠዋት አስታገሥኳቸው።

ረምላ አመሻሹን ቤት ለቤት እየዞረች ነገ እንዳይጠርጉ ለመነች።

«እንግዳው ነገም ይመጣሉ?» አሏት አዴ ፋጡማ።

«አይመጡም፣ አዴ።»

በጥናቷ ዘመን ሁሉ ያልተረጋገጠ መረጃ የሰጠችው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በማግሥቱ ማልደን ስንደርስ ነጫጭ ድንጋዮቹ መሐል ትኩስ ክምር ተቀምጧል። ጅቦቹ ለጽዳት ዘመቻው ደንታ አልነበራቸውም። ፈታኙ መነጽራቸውን አስተካክለው ጎንበስ አሉ፤ በእንጨት ገለጡት። የፍየል ጸጉር፣ የአጥንት ስባሪ። በረምላ ጽሑፍ እንደተጻፈው።

«ከሰዓት ትቅረብ» አሉ ቀና ሳይሉ።

ከኋላችን በር ተከፈተ። አዴ ፋጡማ የአዲስ አበባውን እንግዳ እዚያ ነገር ላይ እንዳጎነበሱ ሲያዩ «ያ አላህ!» ብለው መጥረጊያቸውን ሊያመጡ ሮጡ። ረምላም ልትይዛቸው ተከትላ ሮጠች። ሁለቱ በር ላይ ሲታገሉ ፈታኙ ፎቶ አንስተው ጨረሱ።

ረምላ ተመረቀች። እኔም ለአዲስ ተማሪዎች መስፈርቶቹን በጣቴ ስቆጥር አንድ እጨምራለሁ፦ እንግዳ እንደሚመጣ ለሰፈር አትናገሩ።