ዕቃው ታሰረ?

ባሌን ሰፈሩ «ነገ ና» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። መኪናቸውን ሊወስዱ ሲመጡ አንገቱን ከሞተር ውስጥ ሳያወጣ «ነገ ና» ይላቸዋል፤ በማግስቱ ሲመጡም ያንኑ ይደግምላቸዋል። ክፋት የለበትም፣ እጁም ወርቅ ነው፤ ግን አንዱን ብሎን ሳያጠብቅ ሌላው ያምረዋል። እኔ ይህን አመል ተሸክሜ አርጅቻለሁ። ሌላ ጽድቅ ባይኖረኝ እንኳ ይኸው ይበቃኛል።

ይህ ሰውዬ በዕድሜው ማንም ሳይጨቀጭቀው የጨረሰው ሥራ ቢኖር የእህቱ ፒካፕ ናት። እሷንም ቢሆን መጀመሪያ አበላሽቶ ነው የጨረሳት።

እትዬ የባሌ ታላቅ እህት ናት። እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞተች ያሳደገችው እሷ፣ መኪና መንዳት ያስተማረችው እሷ። ጢሙ ሸብቶ እንኳ «አንተ ልጅ» ነው የምትለው፤ እሱም «አቤት እታለም» ይላል። እኔን ደግሞ ልጆቼን ከዳርኩ በኋላም «ሙሽራዬ» ማለቷን አልተወችም። ሥራዋ ጭነት ነበር። ከአናጢዎች ቤት አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ በርና መስኮት ትጭንና ለየባለቤቱ ታደርሳለች። የዚህ ከተማ ልጅ ግማሹ እሷ ባመጣችው አልጋ ላይ ነው የተፀነሰው ብል ማንም «ዋሸሽ» አይለኝም።

ፒካፗ ከኔ ትዳር ትቀድማለች። ጋቢናዋ ድቡልቡል ያለ፣ መብራቶቿ እንደተገረመ ሰው ዓይን የፈጠጡ፣ ማርሿ እንደ ዛሬዎቹ መኪኖች ወለል ላይ ሳይሆን መሪው ሥር የተሰካ አሮጊት ነች። እትዬ ሞተር አስነስታ ከመንቀሳቀሷ በፊት የበሩን ውጭ በመዳፏ ቸብ ቸብ ታደርግና «ዕቃው ታሰረ?» ብላ ትጮኻለች። ከኋላ ያለው ጫኝ «ታስሯል!» ካላላት ንቅንቅ የለም። ልማድ ሆኖባት ባዶዋን ስትሄድም ትጠይቃለች። እኛም እያሾፍን ከቤት ውስጥ «ታስሯል!» እንላታለን።

ከዚያ ስኳሩ መጣ። ስኳሩስ ድሮም ነበረባት፤ አልሰማ ብላ ነው። በግራ እግሯ ጣት ላይ የወጣች ቁስል አልድን አለች፣ ከፋች፣ ዞሮ ዞሮ ሐኪሞቹ እግሯን ከጉልበቷ በታች ቆረጡት። ከሆስፒታል ስትወጣ ባሌና ጎረቤታችን አናጢው በወንበር ተሸክመው ደረጃውን አወጧት። ጣራ ጣራውን እያየች «ዕድሜዬን ሙሉ ዕቃ ስጭን ኖሬ ይኸው እኔው ዕቃ ሆኜ አረፍኩት። ሲያነሱኝ የምነሳ፣ ሲያስቀምጡኝ የምቀመጥ» አለች። ባሌ ወንበሩን እንዳስቀመጠ ፊቱን አዙሮ ወጣ።

ሰው ሠራሽ እግር ተሰጥቷት ነበር፤ አልጋዋ ሥር ወተፈችው። ቀኑን ሙሉ እኛ ጓሮ ካለችው ክፍሏ አትወጣም። ያቺ መንገድ ላይ ስሟን የማይጠራ ሹፌር ያልነበረ ሴት፣ ሰው ሊጠይቃት ሲመጣ «ተኝታለች በይልኝ» ትለኛለች። ፒካፗ ከጋራዡ ኋላ ቆማ ዝናብ ሲወርድባት ከርማለች፤ የጎረቤት ዶሮ ጋቢናዋ ውስጥ እንቁላል እየጣለች ነበር። «ለቁራሌ ሽጣት» አለችው እትዬ አንድ ቀን፣ ቀና ብላ ሳታየው። «እሺ እታለም» አለና ወጥቶ ዶሮዋን አባረረ።

«እንደ አዲስ አድርጌ እሠራላታለሁ፤ እንዳትነግሪያት» አለኝ። «እስክታልቅ ድረስ ማየት የለባትም።»

ወይ ጉድ! ይህ ሰውዬ እንዲህ ሲሠራ አይቼው አላውቅም። ደንበኛ ቢጮህ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። ወለሏ ዝጎ ቀዳዳው መሬት ያሳይ ነበር፤ ቆርጦ አውጥቶ በአዲስ ላሜራ በየደው። ሞተሯን አውርዶ በታትኖ አንድ በአንድ አጥቦ ገጠመው። ከሥር ጭነቱን የሚሸከመውን የረገበ ባሌስትራ አስቀየረ፣ የተጨረማመተውን አካሏን ባትላሜራው ጓደኛው በመዶሻ ቀጠቀጠለት፣ በስቱኮ ደፈኑት፣ ድሮ የነበራትን ውሃ ሰማያዊ ቀለም ቀቧት። በስተመጨረሻ የቀኝ በኩሏን ያዘ። ከተጣለ የቢሮ ወንበር መሽከርከሪያውን ነቅሎ የተሳፋሪው መቀመጫ ወደ በሩ እንዲዞር አደረገው። ሥሩ ተዘርግታ የምትታጠፍ መርገጫ ሠራ። ከፊት ለፊቱ በቆዳ የተጠቀለለ ወፍራም መያዣ አሰረ። ለክራንቿ እንኳ ማስቀመጫ አበጀ። የመቀመጫውን ልብስ የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ደሞ ያምራል።

ስፌቱን እያለበስኩት ሳለ «ለመሆኑ ማን ሊነዳት ነው?» አልኩት።

«እኔ ነኛ! የፈለገችበት አደርሳታለሁ።»

«ጋራዡስ?»

«ነገ ኑ እላቸዋለኋ።»

ያለቀች ቀን እትዬን ለምነን፣ ተቆጥተን፣ መልሰን ለምነን ይዘናት መጣን። አናጢውም ባትላሜራውም ተሰልፈው ቆመዋል። ፒካፗን ስታያት ክራንቿ ላይ ቆማ ድርቅ አለች። እጇን ሰዳ ኮፈኗን ዳሰሰችው። እኔማ እንባዬን በሻሼ ጫፍ እየጠረግሁ ነበር። ባሌ የቀኙን በር ከፈተ፣ ወንበሩን አዞረ፣ መርገጫውን ዘረጋ፣ ደግፎ አስቀመጣት፣ አዙሮ አስገባት፣ በሩን እንደ እንቁላል ቀስ አድርጎ ዘጋው። አጨበጨብን።

እትዬ መያዣውን ነካችው። ስፌቴን ነካችው። ከዚያ ወደ ግራዋ ዞር ብላ መሪውን አየች፤ ቆየች። ጭብጨባችን እዚያው ሞተ።

«እኔ እነዳልሻለሁ እታለም። ያንቺ ሥራ ደልቀቅ ብሎ መቀመጥ ነው» አላት።

«ጥሩ ነው» አለች። «ምንም አይወጣለት። እንዲህ ያለ የዕቃ ቦታ አይቼ አላውቅም።»

ወደ ቤት መልሱኝ አለችን። መለስናት። ባሌ ተመልሶ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አለ፤ ቢያናግሩት አይሰማም። እኔ ደሜ ፈላ። ሰው እንዲህ ለፍቶ እንዲህ ይባላል? በሯን በርግጄ ገባሁና «እትዬ፣ ልጅሽ ማለት እኮ ነው! እጁ እስኪላጥ ነው የሠራልሽ። ‹እግዜር ይስጥህ› ማለት ምን ይገድልሻል?» አልኳት።

አልተቆጣችም። እጆቿን ዘርግታ አሳየችኝ። «ሙሽራዬ፣ ይሄ እጅ ምን ሆነ? ደህና ነው አይደል? ዓይኔስ? ፍሬንና ነዳጅ የሚረግጠው ቀኝ እግሬስ? ሐኪሞቹ የቆረጡት ፍሪሲዮን የምረግጥበትን አንዱን ነው። ሌላውን የቆረጣችሁት እናንተ ናችሁ።» ከዚያ አለቀሰች። ስታለቅስ አይቻት አላውቅም ነበር፤ እግሯ ሲቆረጥም አላለቀሰችም።

ጋራዥ ሄጄ ለባሌ ቃል በቃል ነገርኩት። ፍሪሲዮን ማርሽ ሲቀየር በግራ እግር የሚረገጠው ፔዳል መሆኑን ለሱ ማስረዳት አያስፈልግም። «መንዳት ያስተማረችኝን ሴትዮ» አለ። ተነስቶ ቀበቶውን ፈታ።

አበድክ እንዴ ልለው ስል ግራ እግሩን ወደ ኋላ አጥፎ ከጭኑ ጋር በቀበቶው ጠፍሮ አሰረው። እንደዚያው በአንድ እግሩ እንጣጥ እያለ ጋቢና ገባ። ፍሪሲዮኑን በእጁ ሊጫነው ጎንበስ ሲል መሪው አመለጠው፤ ፒካፗ ዘልላ የጎማ ክምር ውስጥ ገባች። አዲሱ የፊት ፓራውርቲ ተጣመመ። ባሌ በአንድ እግሩ ሊወርድ ሲሞክር በአፍጢሙ ተደፋ።

ይህን ሄጄ ለእትዬ ነገርኳት። ቀበቶው ጋ ስደርስ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። አፍጢሙ ጋ ስደርስ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ያ ጅል፣ ያ ጅል ወንድሜ» እያለች እስኪያስላት ሳቀች። ከዚያ «ሙሽራዬ፣ ያን እግር ከአልጋው ሥር አውጭልኝ» አለችኝ። አበስኩ ገበርኩ! ጎንበስ ብዬ አወጣሁላት።

ጋራዡ ድረስ በራሷ እየተንቀረፈፈች መጣች። ወንድሟን ከላይ እስከ ታች አየችውና «የታሰረ እግርና የሌለ እግር አንድ መሰለህ? ያንተ ቢፈታ ይመለሳል፤ ስለዚህ አትፈራም። በል ዞር በል፣ ቦታዬ ነው» አለችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷ መሪው ኋላ ተቀምጣ፣ እሱ ሥሯ ተጋድሞ ሲሠሩ ሰነበቱ። ነገሩ በአፍ ሲያወሩት ቀላል ነው፤ ፍሪሲዮኑን በግራ እጅ ጣት የሚስብ ዘንግ ከመሪው ሥር መትከል፣ ዘንጉን በሽቦ ገመድ ከፔዳሉ ጋር ማያያዝ። ማርሹ መሪው ሥር መሆኑ በጀን እንጂ እጇ ከመሪው ሳይርቅ መቀየር ባልቻለች። መጀመሪያ ከሞተር ሳይክል የወጣ መያዣ ገጠመላት፤ ጠነከረባት፣ ጣቶቿ ደነዘዙ። ረዥም ብረት አደረገላት፤ ቀለላት፣ ግን ራቀባት። ለካስ በራሱ ክንድ ነው የለካው! «ክንዴ ይሄ ነው፣ እጄ የሚደርሰው እዚህ ድረስ ነው» አለችና በጠመኔ ራሷ ምልክት አደረገች። እሱ «አቤት» እያለ ቆርጦ በየደ።

በዚህ መሃል ጋራዡ ሰው ገባበት። እትዬ ከጋቢናዋ ሆና ደንበኛ ሲመጣ «ያንተ የትኛው ነው? ምኑ ነው የቀረው?» ትላለች፤ ከዚያ ወደ ታች «አንተ ልጅ፣ ይሄን ሰውዬ ዛሬ ሸኘው!» ትላለች። እሱም ይሸኘዋል። እኔ በትዳሬ ዘመን ሁሉ ያልቻልኩትን!

ግን ባሌ ፈርቶ ነበር። ለኔ ብቻ ነው የነገረኝ። «ዳገት ላይ ጣቷ ቢያመልጣትስ? ሠርቼ የገደልኳት እኔ ልሆን ነው» አለኝ። ዓይኑ ቀልቷል። ለእትዬ አልነገርኳትም፤ እሷ ግን ፊቱን አንብባው ኖሯል። ከሰፈራችን እህል መጋዘን ኋላ ባለው ባዶ ሜዳ መለማመድ ስትጀምር ሌላውን ሁሉ ትታ ከሜዳው ዳር ያለችውን ዳገት ብቻ ያዘች። ወጣች፣ ቆመች፣ ተነሳች፤ ሞተሩ ጠፋባት፣ ደገመች። ወደ ኋላ በተንሸራተተች ቁጥር ባሌ ከዳር ሆኖ እጁን ዘርግቶ ይሮጣል፣ ፒካፕ በእጁ ሊያቆም። ሳትንሸራተት መነሳት ስትችል ወደ እሱ ዞር ብላ «አሁንስ ትተኛለህ?» አለችው። ኋላም የመንጃ ፈቃድ ፈታኙ ዳገቱንም ቁልቁለቱንም አስነድቷት፣ ዘንጓንም አገላብጦ አይቶ ፈቃዷን ፈረመላት።

መንገድ የምትወጣበት ቀን መጣ። ባሌ የሚሽከረከረውን ወንበር ወደ ሹፌሩ በኩል ላዙርልሽ ብሏት ነበር። «መርገጫዋን ብቻ ወደኔ አምጣት። ሌላው እዚያው ይሁን፤ ሹፌር እየተሽከረከረ አይገባም» አለችው። መርገጫዋን ረግጣ፣ የበሩን ክፈፍ ጨብጣ በራሷ ወጣች። ጊዜ ፈጀባት። ማናችንም አልደገፍናትም፤ ባሌ እጁን ኪሱ ውስጥ ጨምቆ ይዞ ነበር።

«ግባ» አለችው። ዞሮ ገባ። ልክ ሲቀመጥ ወንበሩ ዞሮ ፊቱን ወደ በሩ አደረገው፤ የወንበሩን መቆለፊያ ሲፈልግ ባትላሜራው በሳቅ ፈረሰ። ደግሞ በዚያው ሰዓት አንድ ደንበኛ በሩ ላይ ደርሶ «የኔስ መኪና?» አለ። ባሌ አፉን ሳይከፍት እትዬ በመስኮት ብቅ አለችና «ነገ ና» አለችው።

ሞተሩን አስነሳችው። የመጀመሪያው መታጠፊያ ከጋራዡ በር እንደወጡ ያለው ቁልቁለት ላይ ነው። ባሌ ያን ለእህቱ ብሎ በቆዳ የጠቀለለውን መያዣ በሁለት እጁ አንቆ ያዘ፤ ጉልበቶቹን ገጥሞ እንደተጫነ ጆንያ ጸጥ አለ። እትዬ አየችው። ሳቋን ዋጠች። እጇን በመስኮት አውጥታ በሩን ቸብ ቸብ አደረገች።

«ዕቃው ታሰረ?»

እኛ ልንመልስ አፋችንን ስንከፍት እሱ ቀደመን። ድምፁ ሰልሎ፣ እንባው በጢሙ ላይ እየወረደ፣

«ታስሯል፣ እታለም» አላት።