ሳንቲም ሊቀየር ነው የተባለ ሰሞን

አርብ ከሰዓት ክፍል ስላልነበረኝ ደመወዜን ላወጣ እዚሁ ሰቆጣ ያለ አንድ ባንክ ገባሁ። «ሲስተም የለም» ተባልን። አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀመጥን...

ከጎኔ አባ ኪሮስ የሚባሉ አዛውንት አሉ። ከደሃና ገጠር በእግራቸው ነው የመጡት። ጭናቸው ላይ ያለውን የጨርቅ ቋጠሮ አንዴም አልለቀቁትም።

ሲስተሙ መጣና ተራቸው ሲደርስ ቋጠሮውን ፈቱት። ሁሉም የአንድ ብር ሳንቲም ነው።

«ቀይርልኝ ልጄ፣ ቀኑ ሳያልፍ።»

«የምን ቀን አባ?»

«ሳንቲሙ ሊለወጥ አይደል?»

ገንዘብ ከፋዩ ሳቀ። «ማን አለዎት? የተቀየረ ነገር የለም።»

«መቼ ነው ታዲያ የሚቀየረው?»

«እሱን እኛም አናውቅም።»

የአባ ኪሮስ ፊት ጠቆረ። «ብሩ የተቀየረ ጊዜም እንዲሁ ነው ያላችሁኝ። እኔ ስሰማ ቀኑ አልፏል። የሁለት በሬ ዋጋ ወረቀት ሆኖ ቀረብኝ!»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው የባሰውን ነገሩኝ። ሰፈራቸው አንድ ነጋዴ መጥቶ፣ ሁለት የአንድ ብር ሳንቲም በአንድ ብር ሂሳብ እየገዛ ነው። ጎረቤቶቻቸው «ከሚቃጠልብን» ብለው ሸጠውለታል።

ደሜ ፈላ። «ይሄን ወሬ ያመጣው ማነው? እንዲህ ያለ ሰው መታሰር ነው ያለበት!» አልኩ... ባንክ ቤቱ ሁሉ እየሰማኝ።

«ኧረ ወሬስ አይደለም ጌታው። እዚህ የምትማር የልጅ ልጅ አለችኝ። መምህሯ ሳንቲሙ ላይ ያለውን አንበሳ እያሳየ፣ ይሄም ይለወጣል፣ መንግሥት ቀን ይቆርጣል፣ ቀኑ ካለፈ አይሠራም አላቸው።»



የኢኮኖሚክስ መምህር ነኝ። ተማሪዎቹ ለበዓል ወደየቤታቸው ከመሄዳቸው በፊት የገንዘብ መልክ ለምንና እንዴት እንደሚቀየር ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ሳንቲሙንም ከኪሴ አውጥቼ አሳይቻለሁ። ብቻ እኔ «ምናልባት አንድ ቀን» ነበር ያልኩት። ደሃና ሲደርስ «በቅርቡ» ሆኗል።

«አባ... መምህሩ እኔ ነኝ» አልኳቸው።

እንደሚሰድቡኝ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ጠጋ ብለው በጆሮዬ፦ «በል እንግዲያ አንተ ታውቃለህ፣ ቀኑ መቼ ነው?»

ማልኩ፣ ተገዘትኩ። አላመኑኝም። ሳንቲማቸውን በወረቀት ብር አስቀይረው ሄዱ። እሳቸውስ ተረፉ። የጎረቤቶቻቸውን ሳስብ ግን እስካሁን ያንገበግበኛል። የነጋዴውን ማንነት ብጠይቅ፣ ባስጠይቅ፣ የሚያውቀው የለም።

ሰኞ ክፍል ገብቼ «ሳንቲም አልተቀየረም! ለቤተሰቦቻችሁ ንገሩ!» ብዬ ጮኽኩ። ከኋላ አንዷ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ካልተቀየረ ለምን እንዲህ ይቆጣሉ?»

ወሬው በአንድ በዓል ደሃና ገባ፤ ማስተባበያዬ ግን ገና ከክፍሌ በር አልወጣም።