ቦራ የወደቀበት ሰኔ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሙሉቀን ምሳ ሊበላ እኔ ዘንድ መጥቶ ነበር። ደብረ ማርቆስ ውስጥ የእህል መጋዘን አለው፤ ሥራው ጥሩ ነው፤ ሚስቱም ልጆቹም ጤነኞች ናቸው። ሁለት ጊዜ ጎረሰና ስልኩን አውጥቶ አማኑኤል ከተማ ላይ ሌላ መጋዘን ሊከፍት እንዳሰበ፣ ከዚያም ደብረ ኤልያስ ላይ ሦስተኛ እንደሚያስከትል ይነግረኝ ጀመር። እሱ ሲያወራ ወጡ ቀዘቀዘ።

«አንተ ልጅ፣ አሁን ምን ጎደለህ?» አልኩት።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሴው ደነገጥኩ። እኔንም በወጣትነቴ እንዲሁ የጠየቀኝ ሰው ነበር።

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ከአምበር ከተማ ወጣ ብላ ባለች መንደር፣ አባቴ በተወልኝ መሬት ላይ ከባለቤቴ ከጥሩሰው ጋር ጎጆ ከወጣን ሁለተኛ ዓመታችን ነው። ጥሩሰው የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛለች። ወይኖ የሚባል አንድ በሬ አለኝ። ጎረቤታችን አያ ይግዛውም አንድ በሬ ብቻ ነበራቸው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለበት ቦራ ይሉታል። አንድ በሬ ብቻውን አያርስምና ሁለቱን አቀናጅተን፣ ሁለት ቀን እሳቸው፣ ሁለት ቀን እኔ፣ በየተራ እናርስ ነበር።

አያ ይግዛው ልጆቻቸውን ድረው ከሚስታቸው ጋር ብቻቸውን የቀሩ ሰው ናቸው። መሬታቸው ከእኔ ያንሳል። አርሰው ሲጨርሱ የቦራን አንገት ያኩለትና ማሳቸው ዳር ተቀምጠው፣ ቆሏቸውን እየቆረጠሙ ያረሱትን ይመለከታሉ። እንደዚያ ሲቀመጡ ሳይ እናደድ ነበር። እኔ ማሳዬን ስመለከት የሚታየኝ የሚያልቅበት ቦታ ብቻ ነበር።

ከማሳዬ በታች ወደ ገደሉ የሚያዘነብል፣ ሣር የለበሰ ቁራጭ መሬት ነበር። አባቴ ነክቶት አያውቅም። ስንፍና ይመስለኝ ነበር። ሰኔ እንደገባ ለአያ ይግዛው ነገርኳቸው።

«ያን ተዳፋት ዘንድሮ አርሼ ስንዴ ልዘራበት ነው።»

«ምን ጎደለህ?» አሉኝ፣ ቆሎ እየዘገኑልኝ። «ያለህን መች አርሰህ ጨረስክ? ደግሞ ዝናቡ መሬቱን አላልቶታል። በሬ እግሩን የሚያሳርፍበት ይፈልጋል።»

ቆሎውን ተቀብዬ መቆርጠም ጀመርኩ። ዝምታዬን እሺታ አድርገው ወሰዱት መሰለኝ።

ተራዬ ሲደርስ ሦስት ቀን ሙሉ የዘነበው ዝናብ አባርቶ ነበር። በሬዎቹን ስወስድ «የላዩን ማሳ ነው የማርሰው» ብዬ ዋሸኋቸውና በቀጥታ ወደ ተዳፋቱ ወረድኩ። መሬቱ ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ሲገለበጥ ሽታው የሚያሰክር ነበር። አንድ ትልም፣ ሌላ ትልም እያልኩ ቁልቁል ወረድኩ። ሣሩ እየጠበበ ሄደ። ማቆም የነበረብኝን ቦታ አውቀዋለሁ፤ ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ አሳያችኋለሁ። አንድ ልጨምር አልኩ።

በገደሉ በኩል ያለው ቦራ ነበር። የኋላ እግሮቹ የረገጡት አፈር እንዳለ ሄደ። አካሉ ቁልቁል ሲንጠለጠል ቀንበሩ የወይኖን አንገት ጠመዘዘው። ወይኖ በጉልበቱ ወድቆ እየተንሸራተተ ነበር፤ ዓይኑ ፈጧል፣ ምላሱ ወጥቷል። ከላይ ሰዎች ያርሱ ነበር፤ ብጮህ ይሰሙኝ ነበር። አልጮህኩም። የት እያረስኩ እንደሆነ እንዳያዩብኝ ነው። ቢላዬን መዝዤ የቦራን አንገት ከቀንበሩ ጋር ያሰረውን ጠፍር ቆረጥኩት።

እስከ ታች ድረስ አልወደቀም። መሃል ላይ ድንጋይ ይዞት ለረጅም ጊዜ አገሳ። ዞሬ ወርጄ ስደርስ ሞቷል። ሳይታረድ የሞተ በሬ ሥጋው እንኳ ለሰው አይሆንም።

ወደ አያ ይግዛው ቤት ሄድኩ። «ጠፍሩ ተበጥሶ ቦራ ገደል ገባ» አልኳቸው። ሌላ ሳይጠይቁኝ ተነሥተው ተከተሉኝ። ተዳፋቱ ላይ ቆመው ትልሞቹን አንድ በአንድ ተመለከቱ፤ ከዚያ ጠፍሩን አንሥተው የተቆረጠበትን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«ወይኖስ?» አሉ።

«ተርፏል።»

«ተመስገን።»

«ይውሰዱት አያ። የእርስዎ ይሁን።»

«ወስጄ ከማን ጋር ላቀናጀው?» አሉና ጠፍሩን አስቀምጠው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ያን ሰኔ እንዴት እንዳለፍነው አላውቅም። በሬ የሚያውሰን አጣን፤ ሁሉም የራሱ ዘር ደርሶበታል። የሁለታችንንም መሬት በዶማ መቆፈር ጀመርን። እሳቸውና ሚስታቸው ከወዲያ፣ እኔ ከወዲህ፣ ዝናቡ እየወረደብን። መዳፌ ቆስሎ ዶማውን መጨበጥ አቃተኝ። የጎረቤቶቻችን ማሳ አረንጓዴ ሲለብስ የእኛ ገና ጭቃ ነበር። አንድ ቀን ጥሩሰው ከነእርግዝናዋ ዶማ ይዛ መጣች። ወደ ቤት ግቢ ብላት አልሰማችኝም። «ልጁ ሲወለድ ምን እንደማበላው አንተ ታውቃለህ?» አለችኝና መቆፈሯን ቀጠለች። እዚያው ጭቃው ላይ ተቀምጬ፣ ሚስቴ እያየችኝ፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ሁለታችንም ከመሬታችን ግማሹን እንኳ ሳንዘራ ወቅቱ አለፈ።

መስከረም ላይ አያ ይግዛው ጓሯቸው የደረሰ ድንች ቆፍረው ጠሩኝ። ከረመጡ አውጥተው ሁለት በጨው በሉና እጃቸውን አራገፉ። «እኔ ጠገብኩ፣ የቀረውን ለጥሩሰው ውሰድላት» አሉ። በሬ የላቸውም፤ ማሳቸው ከግማሽ በላይ ጦሙን አድሯል። ፊታቸውን አየሁት፤ የእውነት ጠግበዋል። ከእኔ ባነሰ ሰው ስቀና ያ የመጀመሪያዬ ነው።

«አያ፣ ጠፍሩን የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። እኔም ብሆን እቆርጥ ነበር» አሉ። ረመጡን በአመድ እየሸፈኑ «እዚያ ድረስ ግን አልሄድም ነበር» አሉኝ።

መጮህ እችል እንደነበር አልነገርኳቸውም። እስኪሞቱ ድረስ አልነገርኳቸውም።

ከዚያ በኋላ ልቤ ረጋ ብል ውሸት ይሆናል። ልጆቼን ያሳደግሁት እንደተስገበገብኩ ነው፤ ከተማ የገባሁትም ሌላ ፍለጋ ነው። ያለኝ የሚበቃኝ አንዳንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያን ቀን የማውቀውም ካለፈ በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ ለሙሉቀን ነገርኩት። በዚያ ሰኔ እናቱ ሆድ ውስጥ የነበረው እሱ ነው። ጥሩሰውም ሆነች ማንም እስከዚያ ቀን ያልሰማውን፣ የጩኸቱን ነገር እንኳ ሳልደብቅ ነገርኩት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝና ሲያበቃ ቀና አለ።

«አባባ፣ ያ ተዳፋት ቢታረስ ስንት ያወጣ ነበር?»

አልተቆጣሁትም። እኔም በወጣትነቴ አስልቼው ስለነበር መልሱ አልጠፋኝም።

«ሁለት ኩንታል፣ ዝናቡ ከሰመረ» አልኩት።

እንጀራ ቆርሶ የቀዘቀዘው ወጥ ውስጥ ነከረ። በዛበት ይሁን አነሰበት ከፊቱ ማወቅ አልቻልኩም።