ከሞተሬ የተጫረ እሳት

መብራት ሲጠፋ የማይናደድ ሰው ካለ ዳቦ ጋግሮ የማያውቅ ሰው ነው። ሶዶ ላይ ዳቦ ቤት ከከፈትኩ ወዲህ ሊጥ ማቡኪያ ማሽኑ ውስጥ ግማሽ መንገድ ላይ ስንት ጊዜ እንደቀረብኝ ቆጥሬው አላውቅም። ማሽኑ ቀጥ ይላል፣ ዱቄቱና ውሃው ሳይዋሃዱ ይተኛሉ፣ እኔና ሠራተኞቼ እጅጌያችንን ሰብስበን በእጃችን እያቦካን እንራገማለን። ምድጃዬ የሚነደው በባህር ዛፍ ነውና እሱስ ማንንም አይለምንም። ማቡኪያው ግን ያለ መብራት ዝም ብሎ ብረት ነው።

ቋሚ ደንበኛዬ አንድ ኮሌጅ ነበር። የተማሪዎቹን የቁርስ ዳቦ የማቀርበው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን መብራት ሄዶ ዳቦው የደረሰው ረፋድ ላይ ነው። የምግብ ቤቱ ኃላፊ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝና፣ «እህቴ፣ ተማሪ በባዶ ሆዱ ክፍል ገባ። ሁለተኛ ከዘገየሽ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ» አለኝ። ያ ሥራ ከሄደ ዳቦ ቤቱ ይዘጋል፤ የሱቁ ሽያጭ ብቻውን ሠራተኞቼን አያቆያቸውም። ይቅርታ ጠይቄው ተመለስኩ። ጥፋቱ የኔ ባልሆነ ነገር ይቅርታ ስጠይቅ አንጀቴ ያርራል።

ሥራውን ጨርሶ ከሚነሣ የመንገድ ሥራ ካምፕ ያገለገለ የናፍጣ ጄኔሬተር ገዛሁ። ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ቆርቆሮ አለበስኩለትና ተከልኩት። ከዚያ በኋላ መብራት መጣ ሄደ ብሎ መጨነቅ ቀረልኝ። በምትኩ ናፍጣ መጣ፤ ጀሪካን ይዞ ማደያ መሰለፍ። ያን ያህል ተሰልፌ ያመጣሁትን ናፍጣ ሞተሩ ሲጠጣው ደግሞ መብራት የሚሆነው ጥቂቱ ነው። ሌላው ሙቀት ሆኖ በጭስ ማውጫው ወደ ሰማይ ይሄዳል። ይህን ማንም አልነገረኝም። ክረምት ላይ የሰፈሩ ሴቶች እርጥብ ልብሳቸውን ከጭስ ማውጫዬ አጠገብ ሲያሰጡ አየሁና ደሜ ፈላ። ከግድግዳው ወዲያ ሙቀቴ የሰው አንሶላ ያደርቃል። ከግድግዳው ወዲህ የዳሞት ተራራ ጉም በመስኮት እየገባ ሊጤ ኩፍ አልል ብሎኛል፤ እኔም ውሃ ለማሞቅ እንጨት እማግዳለሁ።

ወንድሜ ቦዲቲ ላይ የብየዳ ቤት አለው። ነገሩን ስነግረው ሳቀብኝ። «በጭስ ልትጋግሪ ነው?» አለኝ። ቢስቅም መጣ። የጭስ ማውጫውን በወፍራም ብረት አለበሰውና በመሀላቸው ውሃ እንዲዞር አደረገ። የሞቀው ውሃ በቱቦ እየመጣ ከፊሉ ለማቡኪያ ይሆናል፣ ከፊሉ ሊጥ የሚያርፍበትን ክፍል ግድግዳ ታክኮ እየዞረ ክፍሉን ያሞቃል። መጀመሪያ ብየዳው አፈሰሰ፤ ደግሞ በየደው። በሁለተኛው ያዘ። ዳቦ የሚገዛኝ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር አይቶ፣ ትልልቅ ፋብሪካዎች የሚሠሩበት ዘዴ ነው፣ ኮጄኔሬሽን ይባላል፣ ካንድ ነዳጅ መብራትም ሙቀትም ማውጣት ነው አለኝ። ስሙ የፈለገውን ይሁን፣ ሊጤ በሐምሌ ብርድ ኩፍ አለ። ኮሌጁ ዳቦውን በሰዓቱ ያገኝ ጀመር። በሕይወቴ የማንንም ደጅ ሳልጠና የሠራሁት የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው።

ታዲያ ሰው ዝም ይላል? መጀመሪያ ስልክ ቻርጅ ሊያደርጉ መጡ። ከዚያ በአጥሩ ላይ አንድ ሽቦ ተዘረጋ፣ ቀጥሎ ሌላ። ባሌ እምቢ ማለትን እናቱ አላስተማረችውም። እኔ ሳልሰማ «ውሰዱ፣ ምን ችግር አለው» ይላል። ሰዉም ነገሩን ያየው በለመደው ዓይን ነው። እኛ ጋ ጎረቤት ገል ይዞ እሳት ሊጭር ሲመጣ አይከለከልም፤ ፍም ቢወሰድ ምድጃው አይጎድልም። ሞተሬን እንደ ምድጃ ቆጠሩት። እነሱ ማዶ አምፖል ባበሩ ቁጥር ሞተሩ ይበልጥ ይለፋል፤ ይበልጥ በለፋ ቁጥር ውሃው ይፈላል፤ ውሃው ሲፈላ ክፍሉ ይግላል፤ ሊጡ ያለ ልክ ኩፍ ብሎ ይኮመጥጣል። ይህን ለስንቱ አስረዳሁ! ፈገግ ብለው ይሰሙኛል። «አንቺ ደግሞ፣ እሳት ተጭሮ አለቀ ሲባል የት ሰማሽ?» ይሉኛል። ሽቦውም እዚያው ይቀራል።

ከዚያ የቅርብ ጎረቤቴ ባሏ ሞተባት። ደግ ሰው ነበር። እኔም ቀብር ሄጄ ከልቤ አልቅሻለሁ። ድንኳኑ በራችን ላይ ተተከለ፣ በማግስቱ አመሻሽ ላይ መብራት ጠፋ፣ ባሌም እንደለመደው ማከፋፈያ ይዞ ሮጠ። ለድንኳኑ አምፖል ቢሆን እኔም እሰጥ ነበር። የመዘምራኑን ሞንታርቦ ጨመሩበት። ሻይ ማፍያም ሰኩበት። ያን ጊዜ የነገው የኮሌጅ ሊጥ ማቡኪያው ላይ ነው። ሞተሩ ማቃሰት ጀመረ፣ የወንድሜ ብየዳ እንፋሎት ያፏጫል፣ የሊጡን ክፍል በር ስከፍት ሙቀቱ ፊቴን መታኝ።

«ቢያንስ ሻይ ማፍያውን ይንቀሉ» አልኩት ባሌን።

«ለቅሶ ቤት ሄጄ ነው ይህን የምለው? ሰው ምን ይለናል?»

ሰው ምን ይለናል! ኮሌጁ ምን ይለናል የሚል የለም። እነዚያ ሠራተኞች ነገ ምን ይበላሉ የሚል የለም። ሄድኩና የማከፋፈያውን ሶኬት ነቀልኩት። መዝሙሩ ከመሀሉ ተቆረጠ፣ ድንኳኑ ጨለመ። ከጨለማው ውስጥ የመበለቲቱ ድምፅ ብቻ ቀረ፤ ባሏን በወላይትኛ እየጠራች ታለቅስ ነበር። ሰማኋት። መልሼ አልሰካሁትም። ዳቦው ጠዋት በሰዓቱ ኮሌጁ ደረሰ።

ማንም አልሰደበኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ሽቦዎቹ ከአጥሬ ላይ አንድ በአንድ ተነሡ። ዳቦ ለመግዛት እኔን አልፈው ታች ሰፈር ይወርዱ ጀመር። ሰላምታዬን በአገጫቸው ይመልሱልኛል፤ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይሉ የለ? እነዚሁ ሰዎች መብራት ሲጠፋባቸው «ምን ይደረግ» ብለው ሻማ ይለኩሳሉ። አንድ ቀን ቢሮ ሄዶ የጮኸ የለም። የዘመን ንዴታቸውን ሁሉ ያወረዱት አንድ ሶኬት በነቀልኩት በኔ ላይ ነው። ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

እናቴ የሞተች ጊዜ የእድሩ ሰዎች ድንኳን ተከሉ፣ አግዳሚ ደረደሩ፣ ሴቶቹ የቦዬ ሥር ቀቅለው አመጡ። ከግዴታቸው አንዲቷን አላጎደሉም። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ግን ተነሥተው ነጠላቸውን አራግፈው ሄዱ። ሰፈሩ መብራት ጠፍቶበታል፣ የኔ ድንኳን በሞተሬ ቦግ ብሏል፣ አግዳሚው ባዶ ነው። ወንድሜና እኔ ብቻ ተፋጠን ተቀመጥን። እንባዬ እምቢ አለኝ። በእናቴ ለቅሶ ላይ ሰው መቁጠር ይዤ እንዴት ላልቅስ?

በማግስቱም መብራት አልመጣም፤ ልክ ሰዎቹ ሊነሡ ሲሉ ድንኳኑ ድንገት ጨለመ። ሞተሩ ዝም ብሏል። እየሮጥኩ ወደ ጓሮ ሄድኩ፤ ባሌ ሞተሩን አጥፍቶ ፊቱ ቆሟል።

«ምን ሆነሃል? የኮሌጁ ሊጥ ማቡኪያው ላይ ነው!»

«ይበላሽ» አለኝ።

በትዳራችን እምቢ ሲለኝ የመጀመሪያው ነበር። ልገፋው እጄን አነሣሁ፤ አልተንቀሳቀሰም። ኃይሉን የት ደብቆት እንደኖረ እንጃ።

ድንኳኑ ጋ ስመለስ የተነሡት ተመልሰው ተቀምጠዋል። ከየቤቱም ሌሎች እየመጡ ነው። አግዳሚው ሞልቶ ምንጣፉ ላይ ተጠጋጉ። መበለቲቱ በዳበሳ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና እጄን ያዘችኝ።

«ባሌን ያለቀስኩት በጨለማ ነው» አለችኝ። «አንቺም አልቅሺ።»

ልመልስላት ነበር። ዳቦዬን መግዛት ማን እንደተወ፣ ሞተሬን ማን እንደገደለው፣ ነገ ኃላፊው በር ላይ ምን እንደሚለኝ ሁሉንም ልዘረግፍላት አፌን ከፈትኩ። የወጣኝ ግን ጩኸት ነው። ከንዴት ነበር ያለቀስኩት። እነሱ ለእናቴ መስሏቸው አብረውኝ አለቀሱ።