በእኔ ክንድ ልክ የተቆረጠው ምንሽር

ዛሬ በአባቴ ተዝካር ላይ የአጎቴ አፍንጫ ደማ። ማንም አልመታቸውም፤ የገዛ አውራ ጣታቸው ነው።

እንግዳው ዳሱን ሲሞላ፣ "በንጉሥ አምላክ! የወንድሜን ምንሽር አምጪ። ሴት ጠመንጃ አትወርስም!" አሉኝ።

አባቴ ግን ሊሞት ሲል የሰጠው ለእኔ ነው። ብረቱ የሚቀመጥበትን ረጅሙን የወታደር እንጨት ግን ምስጥ በልቶት ነበር። ከአርብ ገበያ ብረቱ የተሰበረ የአደን ጠመንጃ ገዛሁና እንጨቱን ወሰድሁ። የምንሽሩን ብረት ጥላሸት እየቀባሁ እንጨቱ ውስጥ እጫነዋለሁ፤ ልክ እስኪገጥም የጠቆረውን ብቻ እፍቃለሁ። ክረምቱ እንዲህ አለቀ።

ሰደፉንም በእኔ ክንድ ልክ ቆረጥሁት። ገብሱን ከዝንጀሮ የምጠብቅ እኔ፣ ለማን ክንድ ልቁረጠው?

ምንሽሩን አምጥቼ ሰጠኋቸው። እንደ ወጉ ለሟች ፎክረው ወደ ሰማይ ሊተኩሱ አነጣጠሩ። ሰደፉ ስላጠረባቸው ፊታቸው ከጣታቸው ተጣበቀ፤ ጠመንጃው ወደ ኋላ ሲመታ አውራ ጣታቸው አፍንጫቸው ላይ አረፈ።

"አበላሽተሽዋል!" አሉ፣ በጋቢያቸው ደሙን እየጠረጉ።

"ለእርስዎ ነው የተበላሸ፣ ጋሼ" አልሁና ተቀብዬ ለአባቴ ተኮስሁለት። ዳሱ በእልልታ ተናጋ።

እናንተስ፣ የወረሳችሁትን በልካችሁ ስታደርጉ "አበላሻችሁ" ያላችሁ ማን ነው? አውሩኝ። ምንሽሩ እንደሆነ ትከሻዬ ላይ ነው።