በሚስ ነርሚን ስም የዋሸሁት

ይህን ለባሌም ለፓስተሬም ተንፍሼ አላውቅም። ለእናንተ ልናገረው።

ዌስትውድ የሚባል ሰፈር ውስጥ ሚስ ነርሚን የሚባሉ ቱርካዊት አሮጊት እንከባከባለሁ። ድሮ በአገራቸው የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ነበሩ። የቱርክ ዜና ባዩ ቁጥር ይናደዳሉ፤ "መንግሥት ሃይማኖት ውስጥ ምን አገባው!" ይላሉ።

የቅዳሜና እሁድ ሠራተኛ ሲፈልጉ ከድጃን አመጣሁላቸው። በዲቪ የመጣች፣ ሐበሻ በሚበዛበት ፌርፋክስ አካባቢ የምትኖር ልጅ ናት። በመጀመሪያው ቀን በር ላይ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ሳንወርድ፣ "ስሚ ከድጃ፣ ሴትየዋ ሂጃብ አይወዱም። ሥራውን ከፈለግሽ አውልቂው" አልኳት።

"እሳቸው ናቸው ያሉት፣ እትዬ ሰናይት?"

"አዎ፣ እሳቸው ናቸው።"

አላሉም። አንድም ቀን አላሉም። ያልወደድኩት እኔ ነበርኩ። እኔ! "ጴንጤ" እየተባልኩ፣ በእምነቴ እየተሰደብኩ ያደግኩት ሴትዮ። እንዴት አስቻለኝ?

ከድጃ አወለቀችው። አንገቷን ደፍታ ገባች። እኔስ? ደስ አለኝ። የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው፤ ደስ አለኝ።

ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ተራ ስንቀያየር፣ ሚስ ነርሚን ከድጃ ከቤት ወጥታ ሂጃቧን ስትለብስ በመስኮት አዩዋት። ሁለታችንንም ጠሩን።

"እኔ ቤት ስትገቢ ለምንድን ነው የምታወልቂው?"

"እርስዎ አውልቂ ስላሉኝ" አለች ከድጃ በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ።

የአሮጊቷ ፊት ተለዋወጠ። "ያኔ በአገሬ ሕጉ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሂጃብ ሲከለክል፣ እኔ ራሴ በር ላይ ቆሜ እንዳንቺ ያሉ ልጆችን መልሻለሁ። እስከ ዛሬ አፍርበታለሁ። ዛሬ ደግሞ ሃይማኖተኞቹ ተራቸውን ሌላውን ያስጨንቃሉ። መልበስም ማውለቅም ያንቺ ነው። ማነው እንዲህ ያለሽ?"

ከድጃ ዞር ብላ አየችኝ። እንድናገር ጠበቀችኝ።

"እንግሊዝኛዋ ገና ነው፤ ተሳስታ ሰምታ ነው" አልኩ።

ሁለተኛው ውሸት። ልጅቷ አላጋለጠችኝም። "ኦኬ፣ እትዬ" ብቻ አለችኝ በአማርኛ፤ ከዚያ በኋላ ሥራውን ተወች።

ሚስ ነርሚን ልጆቹን ስለመመለሳቸው "ሕግ አዞኝ ነው" ሊሉ ይችሉ ነበር፤ አላሉም። እኔንስ ማን አዘዘኝ? የማን ሕግ? ፌርፋክስ ላይ ስንገናኝ ከድጃ ቀድማ ሰላም ትለኛለች፤ እኔ መሬት መሬት አያለሁ። ይቅር በሉኝ አልልም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም።

ሚስ ነርሚን አልፎ አልፎ "ያቺ ልጅ ለምን ሄደች?" ይሉኛል።

"አላውቅም" እላለሁ። ትናንትም እንዲሁ አልኳቸው።