አዙሪቱ የለቀቃቸው ጀሪካኖች

ጠቅላላ ጉዳዩ ያስከፈለን አንድ ሱቅ ነው። ዛሬም ገበያ መሐል ባዶ ጀሪካን ከባዶ ጀሪካን ሲጋጭ በሰማሁ ቁጥር፣ አባይ ከጣና የሚወጣበት ዳር ትዝ ይለኛል።

ሱቅ ስል ቤት እንዳይመስላችሁ፤ አባቴ ባሕር ዳር ውስጥ እየዞሩ የሚሸጧቸው ቢጫ ጀሪካኖች ራሳቸው ሱቁ ነበሩ፣ ማታ እኛው ጋ ያድሩ ነበር። ከዚያ በፊት አባቴ የሚተዳደሩት በሸክም ሥራ ስለነበር፣ ጀሪካኖቹ ከጠፉ የሚጠብቃቸው ያው ሸክም ነበር።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አባቴ ጀሪካኖቹን ከወንዙ ማዶ ወዳለው ገበያ ሊወስዷቸው አሰቡ። ሰው ሁሉ በድልድዩ ዞሮ በጋሪ ነበር የሚያሻግረው፤ አባቴ ግን በራሱ ለሚንሳፈፍ ዕቃ ጋሪ መክፈል አልዋጥ ብሏቸው፣ በየእጀታው ገመድ አሳልፈው ከቀዛፊው ከሞላ የደንገል ታንኳ ኋላ አሰሯቸው። ሞላ መካን ያላዩትን አባቴን «ሐጂ» እያለ የሚቀልድ ሰው ነበር።

«ሐጂ፣ ታንኳ ጭራ አይስማማውም።»

«አንተ ቅዘፍ፣ ጭራው የእኔ ነው!»

መሐል ሲደርሱ ገመዱ ድንጋይ ታክኮ ተበጠሰ። እኔ ከዳር ሆኜ አይ ነበር። ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ጊዜ የተለቀቁት ጀሪካኖች ጥቂቶቹ ቁልቁል ወደ ድልድዩ በረሩ፣ የቀሩት ድንጋዩ ጥግ ያለው አዙሪት ውስጥ ገብተው ይሽከረከሩ ጀመር። ወዲያው አንዱ ተነጥሎ፣ ወንዙን ሽቅብ ወጥቶ እግሬ ሥር መጣ። ሁለተኛውም መጣ።

«ገብቼ ልሰብስባቸው?» አለ ሞላ፣ ታንኳውን ወደ እኔ ዳር መልሶ አባቴን ካወረደ በኋላ።

«ተዋቸው፣ መንገዱን አውቀውታል» አሉ አባቴ፤ እውነትም ሦስተኛው መጣ። እጃቸውን ዘርግተው ከብት እንደሚጠራ ሰው አራተኛውን ሲጠብቁ፣ ነፋስ ሳይነሳ፣ ማንም ሳይነካው፣ አዙሪቱ ድንገት ተከፍቶ ሁሉንም ለወንዙ ለቀቃቸው። ሦስት ጀሪካን ተሸክመን ገባን።

መስከረም ላይ አባቴ ወደ ሸክም ተመለሱ። ግን ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ መልስ እዚያው ዳር ይዘውኝ ይሄዱና፣ ደንገል እየቆራረጥን፣ ዳር ካለ አንድ ድንጋይ ላይ ወደ ውሃው እየጣልን ወዴት እንደሚሄድ እንገምት ነበር። በጋ ላይ ውሃው ጎድሎ ገመዱን የበጠሰው ድንጋይ አናቱን ሲያወጣ አባቴ «ሌባው ይኸውልህ!» ብለው ጮኹ። ደጋግመን ገመትን፣ ደጋግሞም ተሳካልን፤ ከዚያ እኩል ተቆርጠው አብረው የተጣሉ ሁለት ቁራጮች አንዱ ግራ፣ አንዱ ቀኝ ሄዱ። አባቴ ከት ብለው ሳቁ።

እናቴ ግን አልሳቀችም። «ወንዙ ጀሪካኑን በላ፣ አሁን ደግሞ አባወራዬን ሊበላ ነው» ትል ነበር።

«እየተማርን ነው እኮ!» ይሏታል አባቴ።

«ስትመረቁ ዱቄት ይዛችሁ ኑ።»

ክረምቱ ሲመለስ ውሃው ድንጋዩን ዋጠው፣ እኛም የተማርነውን ሁሉ ትተን ከሀ ጀመርን።

አሁን የጣና ውሃ በግድብ በር ነው ወደ አባይ የሚለቀቀው፤ በቀን ምን ያህል እንደሚወጣ የሚለኩ ሰዎች አሉ። ከእነሱ አንዱን፣ የሱቄን ደንበኛ፣ አንዲት ቁራጭ ደንገል ወዴት እንደምትሄድ ብጠይቀው «እሱን አትጠይቀኝ» አለኝ። ያኔ የምገምተው ከአባቴ ጋር ነበር፣ አሁን ብቻዬን ነው። ሱቅ አለኝ፣ አባት የለኝም፣ የውሃውን ነገር አላወቅሁም።